ማንንም አላምንም ላልሽኝ ልጄ

ልጄ፣ ከአል አይን ደውለሽ «ደላላው ሌባ፣ ቢሮው ሌባ፣ ያገሬ ልጅ ደግሞ የባሰ ሌባ፤ ከእንግዲህ ማንንም አላምንም» ያልሽኝን እዚህ አቡ ዳቢ ሆኜ ሳሰላስለው ሰነበትኩ። መንግሥታችን በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን ካገደ በኋላ፣ እገዳው በ2018 እስኪነሣ ድረስ ብዙ ልጅ የመጣው በደላላ እጅ ነው። በዚያ እጅ ያለፈ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይባል የለ?

የሚያስፈራኝ መውደቅሽ አይደለም፤ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» እያልሽ መኖርሽ ነው። ይህን ተረት አልወደውም። አባቶቻችን የተናገሩት ሁሉ ለመኖሪያ አይሆንም፤ አንዳንዱ በንዴት ቀን የወጣ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውንም እይው። ሹም ሁሉ በሊታ ነው ብሎ የደመደመ ሰው ሹሙን አይጠይቀውም፤ ሌባውም የሚሻው ይህንኑ ነው።

ፈረንጆች ይህን ዓይነት ንቀት ሲኒሲዝም ይሉታል። ሥሩ ግን ሌላ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ዲዮጀንስ የተባለ ፈላስፋ ሀብትና ሹመት ንቆ፣ አቴና ውስጥ በትልቅ የሸክላ ዕቃ ይኖር ነበር ይባላል። በጠራራ ፀሐይ መብራት ይዞ ሰው ይፈልግ እንደነበርም ይተረካል። ሰው የለም ብሎ የቆረጠ አይፈልግም። ዲዮጀንስና መሰሎቹ የናቁት ገንዘብንና አስመሳይነትን ነው፤ የዛሬው ተጠራጣሪ ገንዘቡን አጥብቆ ይዞ ሰውን ይንቃል።

አንቺ ያለሽበት ከተማ እኮ የቆመው በመተማመን ነው። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. የአል አይንን ቅርሶች ከነተምር እርሻዎቹ መዝግቧቸዋል። እርሻዎቹን የሚያጠጣው ፈለጅ የሚባለው የጥንት ቦይ ነው። ውሃው ለየባለእርሻው በተራ ይለቀቃል፤ ተራውን ቀን በጥላ፣ ሌሊት በከዋክብት ይለኩት ነበር፤ የሚቆጣጠርም ዓሪፍ የሚሉት ኃላፊ ነበራቸው። ጎረቤታቸውን አመኑ፤ መለካቱን ግን አልተዉም። የእኛም እቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ዋስ ይጠራል። ሰው ሊክድ እንደሚችል እናቶቻችን ከአንቺ በፊት ያውቁ ነበር፤ አውቀውም እቁቡን አልበተኑም፤ ዋስ አበጁለት።

«ሕጉም ወረቀት ነው» ያልሽውን ደግሞ ተዪው። ያለንበት አገር በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ፓስፖርትሽ በእጅሽ እንዲሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን እንድታርፊ፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ እንድታገኚ፣ የቅጥር ወጪም ካንቺ እንዳይወሰድ ይላል። ክርክር ሲነሣ አቤቱታው መጀመሪያ ለሰው ሀብት ሚኒስቴሩ ይቀርባል። በየቤቱ ይፈጸማል ብዬ አላታልልሽም፤ ሲጣስ የሰማሁት ብዙ ነው። ሆኖም ፓስፖርቷን ስጡኝ ብላ የማትጠይቀዋ ሴት «ሁሉም አንድ ነው» ያለችዋ ናት፤ ብቻዋን ናትና ማዳሟም ደላላውም አይፈሯትም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለእንደዚህ ያለው ቀን ነው።

የኮንትራትሽን ፎቶ ለእኔም ለእኅትሽም ላኪ። የሐዋላ ደረሰኝሽን አትጣይ። የሰፈርሽ ልጆች ጀመሩት ያልሽውን እቁብም በሩቁ አትርገሚው፤ የዕረፍት ቀንሽ ሲደርስ ሄደሽ ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ዋስ እንዴት እንደሚጠራ ጠይቂ። ዋስ የለንም ካሉሽ ገንዘብሽን ይዘሽ ተመለሺ፤ ካላቸው ግን ለመጀመሪያው ዙር በትንሹ ግቢ፣ የእኔንም ስም በዋስነት አስመዝግቢ።