ከደመወዙ በፊት መንገዱን ቁጠሩ

ልጆቼ፣ ስለ ሥራ ስትነጋገሩ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠያየቁት «ስንት ይከፍላል?» ብላችሁ ነው። ሰቆጣ የቀን ሥራ ስንት ገባ? መተማ የሰሊጥ አጨዳ ስንት ይከፈልበታል? አዲስ አበባ ለጥበቃ ስንት ይሰጣሉ? መልሱ ትልቅ ቁጥር ከሆነ ልብ ይነሳል፣ ስንቅ ይቋጠራል። ስለ መንገዱ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሥራው ቦታ ለመድረስ፣ እዚያ ለማደርና ለመብላት፣ ተመልሶም አገር ለመግባት የሚወጣው ብር ከደመወዙ ላይ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ቆራጩ ስለማይታይ ብቻ ሙሉ ደመወዝ የተቀበልን ይመስለናል። እኔ ገቢ ብዬ የምጠራው መንገድ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ቤት የሚገባውን ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን፣ እዚህ በቀያችን በአበርገሌ ደጃፍ ላይ የሚሠራ ትንሽ የሚመስል ሥራ ርቆ ከሚገኘው ትልቅ የሚመስል ሥራ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህን ነው፤ የማይበልጥበትንም ጊዜ አልደብቃችሁም።

ነገሩ የገጠር ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወስኖ ነበር። በዚያ ወቅት ቤቱ የዋለ የአዲስ አበባ ሠራተኛ የደርሶ መልስ ታክሲ አልከፈለም፣ ምሳውን ከውጭ አልበላም፣ በየመሀሉ የሚጠጣውን ማኪያቶም እቤቱ በፈላ ቡና ተካው። ደመወዙ ያው ሆኖ ሳለ ወር ሲደርስ የሚተርፈው ከፍ የሚልበት ምክንያት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንገድ ይበልጥ ተወድዷል። በ2014 ሰኔ አንድ ሊትር ቤንዚን 37 ብር ገደማ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በ2017 አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጅ ሲጨምር ታሪፍ ይጨምራል፤ ከአዲስ አበባ 720 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚርቀው ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም አልፎ ቁልቁል ለሚወረድበት አበርገሌ፣ ጭማሪው የሚሰማው የመኪና ተሳፋሪ ላይ ብቻ አይደለም። ጨውም ሳሙናም ዘይትም የሚመጡት በዚያው መኪና ነው። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት ታላላቅ ወንድሞቻችሁ «ያዋጣል» ብለው የሄዱበት ሒሳብ ዛሬ ለእናንተ አይሠራም። እንደ አዲስ መቁጠር አለባችሁ።

እስቲ አብረን እንቁጠር። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ትክክለኛውን እናንተ በየቦታችሁ ተኩበት። አንድ ልጅ ሰቆጣ ወጥቶ ግንባታ ላይ በቀን 300 ብር ያገኛል እንበል። በወር 26 ቀን ቢሠራ 7,800 ብር ይሆናል፤ ለቤተሰቡ የሚነግረውም ይህን ነው። የጋራ ክፍል ኪራይ 1,500፣ ምግብ በቀን 120 ሒሳብ በወር 3,600፣ በወር ሁለቴ አገር ደርሶ ለመመለስ 600፣ ለስልክ ካርድ፣ ለሳሙናና ለሚያልቀው ጫማ 500 ብር ያወጣል። ድምሩ 6,200 ነው፤ የሚተርፈው 1,600 ብር ብቻ። አሁን ደግሞ ቀየው ሆኖ በወር 3,000 ብር የሚያገኘውን እኩያውን ተመልከቱ። ቤት የሚበላውም ነፃ አይደለምና 900 ብር እንቀንስበት። 2,100 ይቀረዋል። ከግማሽ በታች የሚያገኘው ልጅ የበለጠ ተረፈው ማለት ነው። በዚህ ላይ በዝናብ ወይም በሲሚንቶ እጥረት ሥራ የቆመበት ቀን አልተቆጠረም፤ ሥራ ሲቆም ምንዳው ይቆማል፣ ኪራዩና ራቱ ግን አይቆሙም። ማንም ሰው ይህን ሒሳብ በአንድ ገጽ ላይ ሊሠራው ይችላል፤ ከመሄዱ በፊት የሚሠራው ግን ጥቂት ነው።

የመተማና የሁመራ መንገድ ከዚህም ይከብዳል። ሰቆጣና አበርገሌ ካሉበት ከዋግ የሚወጣ ብርቱ ጉልበት በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደዚያ ይወርዳል። አረሙ የሚውለው ሐምሌና ነሐሴ፣ አጨዳው መስከረምና ጥቅምት ነው። እነዚህ ወራት የማን ናቸው? የራሳችን ማሳም አረም የሚጠይቀው በዚያው በክረምት ነው፤ ጤፉም የሚደርሰው ልጁ ገና ከሰሊጥ ማሳ ሳይመለስ ነው። ልጁ ሄዶ የሰው ሰሊጥ ሲያርም የአባቱ ማሽላ በአረም ይዋጣል፣ ወይም በልጁ ፋንታ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ይታረማል። ያ ኪሳራ ከመሳፈሪያው እኩል የመንገዱ ዋጋ ነው፤ ቤት ውስጥ ስለሚፈጸም ግን ከልጁ ደመወዝ ጋር አንድ ላይ ተደምሮ አያውቅም። ሌላም አለ። በዚያ ቆላ ዋልካው ሲሰነጠቅና ከግራሩ ሥር ሜዳ ላይ ሲታደር የአሸዋ ዝንብ ነክሳ ካላዛር የተባለውን በሽታ ታስይዛለች። ወባን እኛም ቆላዎች ስለሆንን እናውቃታለን፤ ካላዛር ግን ከሌላ አካባቢ ወደዚያ በወረዱ ሠራተኞች ላይ በተለይ ይበረታል፣ ካልታከሙትም ይገድላል። የወራት ደመወዙን ይዞ የተመለሰ ልጅ ትኩሳት አልለቅ ብሎት ሐኪም ቤት ሲተኛ፣ አስታማሚው ሥራ ፈቶ አጠገቡ ሲከርም፣ ያ ሁሉ ወጪ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባችኋል። ይህን የምለው የሄዱትን ለመውቀስ አይደለም። ክረምቱ ከከዳ፣ ጎተራው ባዶ ከሆነ ሰው ልጆቹን ለማብላት ይሄዳል። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ከአበርገሌ ተፈናቅሎ ሰቆጣ የተጠለለው ሰውም መርጦ አልተሰደደም። ምክሬ ምርጫ ላላችሁ ነው።

ትናንሾቹ መንገዶችም አሉ፤ ባይታዩም በዓመት ሲደመሩ ትልቁን ያህላሉ። ለአንድ ኪሎ ስኳርና ለሁለት ሳሙና ገበያ የሚዋልበት ቀን፣ አንድ ማኅተም ለማስመታት ወረዳ ወይም ሰቆጣ ተደርሶ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ተብሎ የሚመለስበት ቀን፣ ለወንድም ብር ለመላክ ባንክ የሚሄድበት ቀን። ከግንቦት 2013 ጀምሮ በስልክ ብር የሚላክበት ቴሌብር አለ፤ ኔትወርክ በሚደርስበት ቀበሌ ያለ ሰው ብር ለመላክና ለመቀበል ቀኑን መሠዋት የለበትም። ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ፤ ኃላፊው መኖሩን፣ የሚያስፈልገው ወረቀት ምን እንደሆነ ጠይቁ። ኔትወርክ በማይደርስበት ደግሞ የጎረቤትን ጉዳይ ይዞ በተራ መሄድ አለ። አምስት ቤት አምስት ቀን ከሚያባክን አንድ ሰው አንድ ቀን ቢሄድ፣ አራት ቀን ለአረም ወይም ለቀፎ ይተርፋል።

እዚህ ላይ የምትሉትን አውቃለሁ። «ቤት ቁጭ ብለን ምን እንሠራለን? መሬቱ ደረቅ ነው፣ የደረሰንም መሬት የለም» ትላላችሁ። እውነት አላችሁ፤ ዝናቡ አጭር፣ አፈሩ ቀጭን ነው። ከዓመት ዓመት የሴፍቲኔት እርዳታ የሚጠብቅ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል ኪዳን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ይህ ደረቅ መሬት በስሙ የሚጠራ ሀብት አለው። የአበርገሌ ፍየል የታወቀ ዝርያ ነው፤ የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ከአርቢዎች ጋር ሆኖ የተሻለ አውራ እየመረጠ ለማዳቀል የሠራበት ዝርያ ነው። ፍየል ቅጠል በልታ ወተትና ሥጋ ትሰጣለች፤ ብልህ አርቢ ሙክቱን ለበዓል ገበያ ያደርሳል። ማር አለን። የእጣን ዛፍ በቆላው ገደል ላይ ሳይተከል ይበቅላል፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው በጋ ይደማል፣ ያውም ሰው ከእርሻ በሚያርፍበት ጊዜ። ዛፉን ከልክ በላይ ያደማ ግን ልጁን ያስርባል፤ በጥንቃቄ የሚሠራ ሥራ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት መነሻ ብር አለ፤ ያ መነሻ አንዳንድ ጊዜ ከአንድ የመተማ ደርሶ መልስ ወጪና ስንቅ አይበልጥም። አንዲት እንስት ፍየልን ከመሳፈሪያ ጋር አስተያዩ፤ መሳፈሪያው መተማ ሲደረስ አልቋል፣ ፍየሏ ግን ትወልዳለች። ምርቱን ለመሸጥም እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ሁለት ኪሎ ማር ይዞ ሰቆጣ መውጣት የለበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ በማኅበር ሰብስቦ አንድ ላይ ማውጣት የመንገዱን ዋጋ ለብዙ ያካፍለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ «ከተማ ያስተምራል፣ ቤት የቀረ ዓይኑ አይገለጥም» የሚለው። ይህን በቀላሉ አላልፈውም። ኒኮላስ ብሉም የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ቻይና ውስጥ ሲትሪፕ በተባለ የጉዞ ድርጅት ያጠኑት ጥናት አለ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ የስልክ አገልግሎት ሠራተኞች ከሳምንቱ የሥራ ቀናት አራቱን እቤታቸው ሆነው ለዘጠኝ ወር እንዲሠሩ ተደረገ። ሥራቸው በ13 ከመቶ ተሻሻለ፤ ሥራ የሚለቀውም ሰው በግማሽ ቀነሰ። ይህን ሰምታችሁ ግን አትቸኩሉ፤ ሙከራው ሲያበቃ እንዲመርጡ ሲፈቀድላቸው ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ፤ ብቸኝነት ከብዷቸው ነበር። ከሥራቸው ጥራት አንፃር ሲታይም እቤት የሚሠሩት ሰዎች እድገት የማግኘት ዕድላቸው ቀንሶ ነበር፤ አለቃ የማያየው ሰው ይረሳል። እንግዲህ ተቃውሞው እውነት አለው፤ ከሰው መራቅ ዋጋ ያስከፍላል። እኔ ከዚህ የምወስደው ፍርድ ይህ ነው። እጅ ላይ የሚቀር ሙያ ለመማር፣ ግንበኝነት፣ ብየዳ፣ የሞተር ጥገና፣ ነርስነት ብላችሁ ከሆነ ሂዱ፤ ወጪውን እንደ ትምህርት ክፍያ ቁጠሩት፣ ማብቂያውንም ቀን ወስኑ። አምስት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ ብቻ መሸከም ግን ትምህርት አይደለም፤ በሁለተኛው ወር የተማራችሁትን ነው እየደጋገማችሁ የምትሠሩት። ቤት ለሚሠራ ደግሞ መርሳትና መረሳት እንዳይመጣበት ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ገበያው እንዲርቁበት አልመክርም። የማያስፈልገውን ጉዞ አስቀሩ አልኩ እንጂ ከሰው ተለዩ አላልኩም።

«ቤት የሚውል ሥራ ፈት ነው» የሚለውን ነቀፌታ ግን አልቀበለውም። ማን ነው ያለው? እናቶቻችሁና እኅቶቻችሁ ዘመናቸውን ሁሉ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ጠላው፣ ፈትሉ፣ የዶሮውና የእንቁላሉ ገንዘብ የቤተሰቡን ጨውና የልጆቹን ደብተር ሲገዛ ኖሯል፤ ማንም ግን ደመወዝ ብሎ አልጠራውም። ሕጉ እንኳ ከእኛ ቀድሟል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቤት ስለሚሠራ ሥራ ውል ድንጋጌ አለው። ወንዶች ልጆቼ፣ ቀዬ ሆናችሁ ለመሥራት ስትወስኑ ውሃውን የምትቀዳው፣ እንጨቱን የምትለቅመው ያችው እኅት ከሆነች የተረፈው ብር የእናንተ ብቻ አይደለም። ከመንገድ የዳነውን ጊዜ ከፊሉን ለእርሷ ሸክም አውሉት።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ያልወጣ ወጪ በራሱ ቁጠባ አይሆንም። መሳፈሪያ ያልከፈለ ሰው ያንን ብር ኪሱ ውስጥ ከተወው በሳምንት ውስጥ በጠላ፣ በካርድ፣ በማይታወቅ ነገር ያልቃል፤ ወር ሲደርስም «ቤት መቅረቴ ምን ጠቀመኝ?» ይላል። ስለዚህ ገበያ ሳትሄዱ በቀራችሁበት ቀን የመሳፈሪያውንና የምሳውን ብር በዚያው ቀን ለይታችሁ አስቀምጡ። እቁብ ያለው ለእቁቡ ያዋጣ፤ ቀድሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የነበረው ፀደይ ባንክም ትንሽ ሒሳብ ይከፍታል። ብሩ እጅ ላይ ካልቆየ ፍየል ይሆናል፣ ቀፎ ይሆናል፣ ለክፉ ቀን እህል ይሆናል። ለብቻው ለይቶ ማስቀመጡ ካልተጀመረ ግን የሰጠኋችሁ ሒሳብ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

በመጪው ክረምት ደላላ ወይም ጓደኛ መጥቶ ስለ ክፍያው ሲነግራችሁ ቸኩላችሁ አትመልሱ። ደብተር አውጡ፤ መሳፈሪያውን፣ ኪራዩን፣ ምግቡን፣ ቤት የሚቀረውን አረም፣ ሊመጣ የሚችለውን ሕመም በየተራ ጻፉ፤ ደመወዙን ከሁሉ በታች አስፍሩት። ወላጆቻችሁም አጠገባችሁ ተቀምጠው ይስሙ። ከዚያ በኋላ የምትወስኑትን ውሳኔ፣ መሄድም ይሁን መቅረት፣ እኔ አከብራለሁ።