የአደገኝነት አድራሻ

ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ሌላውን ለማጥቃት ይቀርባል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት መልሶች ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የሰፈሩ መልስ «እብድ መቼ ምን እንደሚነሳበት አይታወቅም፣ ራቅ በል» የሚል ነው። የአዳራሹና የፖስተሩ መልስ ደግሞ «በፍጹም፣ ይህ ማግለል ነው» ይላል። የሁለተኛው ልብ ቀና ነው። ነገር ግን ልጇ በፍልጥ ክንዷን የሰበራት እናት ፊት ቆሞ ያንኑ መድገም ድፍረት ይጠይቃል። የታመመው ሰው እጁን ሲያነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በመንገደኛ ላይ ሳይሆን አብሮት በሚኖር ሰው ላይ ነው። ስለዚህ «ጥቃት የለም» የሚለው ደግ መልስ ከሁሉ በፊት ብቻዋን የሚተወው እሷን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የአእምሮ ሕመም ከሌለባቸው ሰዎች 2 በመቶ ያህሉ፣ ስኪዞፍሬንያ ብቻ ካለባቸው ደግሞ 8 በመቶ ያህሉ ባለፈው ዓመት ሰው ላይ እጃቸውን ማንሳታቸውን እንደተናገሩ መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪው ሲና ፋዜልና ባልደረቦቹ 20 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ የልዩነቱ ትልቁ ክፍል ከመጠጥና ከዕፅ ጋር ተያይዞ አገኙት። ሕመሙም ሱሱም ያለበት ሰው፣ ሱሱ ብቻ ካለበት ሰው ብዙም የተለየ አደጋ የለውም። እንግዲህ ጭማሪ አለ። ይህን መካድ አያስፈልግም። ከመቶው 92ቱ ማንንም እንዳልነኩም መርሳት አያስፈልግም።

ይህ ጭማሪ ግን የት ነው ያለው? አደገኝነትን እንደ ደም ዓይነት ከሰውዬው ጋር የሚዞር ነገር አድርገን እናስበዋለን። አውስትራሊያውያኑ ኦላቭ ኒልሰንና ማቲው ላርጅ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ሥራ ይህን ሐሳብ ያናጋል። በዚህ ዓይነት ሕመም ውስጥ ሆነው ከገደሉ ሰዎች ከሦስት አንዱ በላይ የገደሉት ገና ምንም ሕክምና ሳያገኙ ነው። በመጀመሪያው ሕመም ወቅት ያለው የግድያ መጠን ከሕክምና በኋላ ካለው 15 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሕመሙ ያው ነው፤ የተለወጠው መድኃኒት መጀመሩ ነው። ስለዚህ የአደጋው አድራሻ ሰውዬው ብቻ አይደለም። ሕመሙ ከጀመረበት ቀን እስከ መጀመሪያው ኪኒን ያለው ጊዜ ውስጥም ይኖራል። ያ ጊዜ ደግሞ ሐኪም ቤት ቅርብ ለሆነለት አጭር፣ አንድ ቀን ሙሉ በእግር ለሚሄድ ረጅም ነው።

ይህ ጊዜ ከሚያልፍባቸው ቤቶች አንዱን በቅርብ ያየ ሰው የምሳውን ሰዓት ያውቀዋል። ትሪው ይቀርባል። ልጁ ታጥቦ ይቀመጣል፣ አይነካውም። «እማዬ፣ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» ይላል። ከፊቷ ቆርሳ ትበላለች። «ከእሱ አይደለም፣ ከወዲህ በኩል» ይላታል፤ ከወዲያም ትበላለች። ወጡ እስኪቀዘቅዝ አፏን ይመለከታል። ከእጇ ጉርሻ መቀበል ካቆመ ሰንብቷል። ይህ ልጅ አልተቆጣም፤ እየተጠነቀቀ ነው። ምግቡ እንደተመረዘ እርግጠኛ የሆነ ማንም ሰው የሚያደርገውን በሥርዓት እያደረገ ነው። አንድ ቀን ትሪውን ገልብጦ ቢገፈትራት እኛ የምናየው ከየት መጣ የማይባል ቁጣ ነው። እሱ ግን ራሱን ማዳኑ ነው።

የእንግሊዝ ዳኞች ይህን ጉዳይ ቀድመው ነክተውታል። እ.ኤ.አ. በ1843 ዳንኤል ማክኖተን ገዢው ፓርቲ ያሳድደኛል ብሎ አምኖ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሮበርት ፒልን ጸሐፊ ተኩሶ ገደለ። በአእምሮ ሕመሙ ምክንያት ነጻ ሲባል አገር ተንጫጫ፤ የጌቶች ምክር ቤትም ዳኞቹን ጠርቶ ጠየቀ። ከመልሳቸው አንዱ፣ በአንድ ነገር ላይ ብቻ የሐሰት እምነት የያዘው ሰው መዳኘት ያለበት ያመነው ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ በሚዳኝበት መንገድ ነው የሚል ነው። ሊገድለኝ ነው ብሎ ያመነውን ሰው ራሱን ሲከላከል ቢገድል አይቀጣም፤ ስሜንና ሀብቴን አጠፋብኝ ብሎ ቢበቀል ይቀጣል። ሐኪሞች ይህን አጥብቀው ነቅፈውታል፣ አልፈርድባቸውም፤ በአንዱ ሐሳቡ ታሞ በሌላው ሁሉ ጤነኛ የሆነ ሰው ወረቀት ላይ ካልሆነ አይገኝም። ሆኖም ዳኞቹ አንድ ነገር አይተዋል፦ እንዲህ ያለው ሰው ምክንያት አላጣም። ምክንያቱ የቆመበት ዓለም ነው ከእኛ የተለየው።

የፍርሃታችን ሥርም ይኸው ይመስለኛል። የጠጅ ቤት ጩቤ አያስደንቀንም። የድንበር ጠብ፣ የቂም ደም፣ የቅናት ጥይት ሁሉ ታሪክ አላቸው፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን እናወራቸዋለን፣ አንዳንዴም «ወንድ ነው» እንላለን። በዓለም ዙሪያ በግድያ ከሚጠረጠሩ 10 ሰዎች 9ኙ ወንዶች ናቸው። ወንዶች ከመሸ ይቆለፍባቸው ያለ ግን አልሰማሁም። የምናስረው ይበልጥ የሚገድለውን ሳይሆን ታሪኩ ያልገባንን ነው።

ሐኪሙ የሚገድሉትን አስቀድሞ ይለያቸዋል የሚል ተስፋም ብዙ አያስኬድም። ላርጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሰሉት፣ በዚህ ሕመም ያለ ሰው አንድ የማያውቀውን መንገደኛ እንዳይገድል ለመከላከል «ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው» የተባሉ 35,000 ሕሙማንን መያዝ ያስፈልጋል። ለአንዱ ሲባል መንገደኛ የማይገድሉት 34,999ኙ ይታሰራሉ።

በሌላ በኩል ያለው ሚዛን ብዙም አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከቺካጎ የወጣ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከሩብ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ የወንጀል ጥቃት ደርሶባቸው አግኝቷል፤ ከሌላው ሕዝብ ከ11 እጥፍ በላይ። እዚህ አገር ቡታጅራ አካባቢ የተሠራውም ሕሙማኑ ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ጥቃት እንደሚያደርሱም፣ እንደሚደርስባቸውም አሳይቷል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ሲደበደብ የኖረ ሰው «ሊጎዱኝ ይፈልጋሉ» ብሎ ማመኑ ከሕመም ብቻ አይደለም።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 48 አጥፊው ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የነበረበትን ሁኔታ ይጠይቃል። ለሕጉ መጀመሪያ ድርጊት መኖር አለበት። አንዳንድ ቤተሰብ የታመመውን ከምሰሶ ጋር የሚያስርበት የእግር ሰንሰለት ግን ድርጊት አይጠብቅም። ይህን የምለው ጓጉንቸሩን የቆለፈውን አባት ለመክሰስ አይደለም፤ ሌሊት መተኛት አለበት፣ ጠዋት እርሻ ይጠብቀዋል፣ ልጁም ወጥቶ ገደል እንዳይገባ ይፈራል። ሶዶ ወረዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ጠይቋል። አብዛኞቹ ያሰሩት ጨክነው ሳይሆን ሌላ መላ አጥተው ነበር። ማሰሩን ምን ያስቀረዋል ለሚለው ጥያቄም ከሁሉ ጎልቶ የተነሳው መልስ ሕክምና በቅርብ መገኘቱ ነው።