የማነው ተወካዩ?

ሁሩታ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ የጠየቀኝ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም። አባቱ ስንዴ አርሰው ያሳደጉት ነው። ማሳው ለወንድማማቾቹ አይበቃም፤ ዲፕሎማውም ሥራ አላመጣለትም። «ጋሼ፣ ፓርላማ የሚገባው ሰው የማነው? የኛ ነው ወይስ የላኪዎቹ?» አለኝ።

ሕግ ጠቀስኩለት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ ላይ የለም። (በተግባር የቱ እንደሚቀድም ለአንባቢ አልነግርም።) የመራጩን አመኔታ ያጣ እንደሚወገድም እዚያው ተጽፏል።

ልጁ ሳቀ። «የመላው ሕዝብ ከሆነማ የኔን ማን ያነሳልኛል?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። የጋምቤላውም የደብረ ማርቆሱም ወጣት ሥራ ይፈልጋልና፣ ተወካዩ ለሁሩታ ብቻ ይሟገት ልል አልችልም። ግን «የወጣቶች ችግር» ሲባል ማንም አይደነግጥም። አንዱ ተነስቶ «ሁሩታ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ አለ» ቢል ነው ጆሮ የሚቆመው። ለዚያ ደግሞ ልጁን አስቀድሞ መስማት ይጠይቃል። ስብሰባ ሲጠራ ፊት የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ስለ መንገድና ስለ ማዳበሪያ ይናገራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ወጣቱ ከኋላ ቆሞ፣ ሳይናገር ይወጣል።

«አንተስ ተናግረህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ማን ጠይቆኝ?» አለና የሻዩን ሒሳብ ከፈለ። የኔንም ጨምሮ።