ሰንበት የምትጠፋው ዓርብ ማታ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እዚህ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ፣ እሑድ ማታ በየቤታችን አንድ ቃል ይሰማል፦ «ቅዳሜና እሑድ የት ገባ?» ቅዳሜ ጠዋት መኪና ይታጠባል፤ ከሰዓት በኋላ ሳሪት ሴንተር ለአስቤዛ ይኬዳል፤ ዋያኪ ዌይ ላይ መንገድ ይዘጋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፤ ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች መደወል አለ። ልጆች ከኋላ ወንበር ሆነው ሁለቱን ቀን ያዩት የአባታቸውን ማጅራት ነው።

እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲወርድላቸው፣ በስድስተኛው ቀን እጥፍ እንዲሰበስቡ ታዘዙ (ዘጸ. 16)። በሰባተኛው ቀን ሊለቅሙ የወጡ ነበሩ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ልብ በሉ፤ እግዚአብሔር ዕረፍቱን ከነዝግጅቱ ነው የሰጠው። ሳምንቱን ሙሉ «ቅዳሜ አደርገዋለሁ» እያልን የምናሳድረው ጉዳይ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ስለዚህ ሰንበታችን የምትጠፋው እሑድ ማታ አይደለም፤ ሳንዘጋጅ በተኛንበት ዓርብ ማታ ነው።

እኛ ደግሞ ዋዜማ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ሰንበትን ለማክበር ዋጋ የከፈሉ አባቶችም አሉን። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ የቀዳሚት ሰንበትን፣ የቅዳሜን ክብር እያስተማሩ ተሰደው፣ በአርማንያ ምድር ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ወሰነ። አባቶቻችን ስለ ቅዳሜ አገር ጥለው ተሰደዱ፤ እኛ ስለ ቅዳሜ ስልክ መዝጋት አቃተን።

ማርታን አስቡ (ሉቃ. 10)። ከቤቷ አልወጣችም፤ ጌታም እቤቷ ነበር። ነገር ግን በብዙ ነገር ስለባከነች፣ አጠገቡ ሆና ራቀችው። እኛም ሶፋው ላይ ከልጃችን ጎን ተቀምጠን ዓይናችን ስልካችን ላይ ከሆነ፣ እቤት አለን ማለት አይቻልም።

የሰንበት ትእዛዝም ለአባወራው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ወንድ ልጅን፣ ሴት ልጅን፣ ሠራተኛን፣ በደጅ ያለውን እንግዳ ሳይቀር ይጠራል (ዘጸ. 20)። እኛ ራሳችን በሰው አገር እንግዶች ነን። የቤት ሠራተኛችንን አድክመን የምናርፈው ዕረፍት በእግዚአብሔር ፊት ዕረፍት አይባልም። በፈረንጆች 2007 የወጣው የኬንያ የሥራ ሕግም ለሠራተኛ ከ7 ቀን ቢያንስ 1 የዕረፍት ቀን ይገባዋል ይላል። የቤት ሠራተኛችንም ልጆች አሏት፤ እነርሱም ቅዳሜና እሑድን ይጠብቃሉ።

ወገኖቼ፣ ሰፈራችን የቀንን ዋጋ በመራራ መንገድ ተምሯል። መስከረም 11 ቀን 2006 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በዌስትጌት የገበያ ማዕከል ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተው ነበር፤ ጣሪያው ላይ የልጆች የምግብ ማብሰል ውድድር ይካሄድ ነበር። በዚያ ቀን በማዕከሉ ላይ በተፈጸመው ጥቃት 67 ንጹሓን ሰዎች ሞቱ። ይህን የማነሣው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። የሚቀጥለው ቅዳሜ በእጃችን እንዳልሆነ፣ የተሰጠን ይሄኛው ብቻ እንደሆነ እንድናውቅ ነው።

«ሱቄ ቅዳሜ ካልተከፈተ የቤት ኪራይ ከየት ይመጣል?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ እግዚአብሔርም የእንጀራችሁን ነገር ያውቃል። ሙሉ ቀን ባይቻል አንድ ማዕድ ይቻላል። ልቅሶውንም አትተዉ፤ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሟቹ ማን እንደነበሩ መንገድ ላይ አጫውቱት። ማኅበሩንም አትተዉ፤ ነገር ግን የእግዚአብሔር አገልግሎት ሚስትን ባሏ እያለ ብቸኛ እንዲያደርጋት አትፍቀዱ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሐሙስ አስቤዛው ይገዛ፤ ዓርብ ልብሱ ይተኮስ፤ ለዘመድ የሚላከው ገንዘብ ይላክ። ዓርብ ማታ ስልኩን አስቀምጡ፤ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ጸልዩ፤ ልጆቻችሁንም ሳምንታቸው እንዴት እንደነበር ጠይቁና እስኪጨርሱ ስሟቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።