የአደን ሥጋና የአዳኝ ዕዳ

የዱር እንስሳ የገደለ ሰው ሥራው እንስሳው በወደቀ ጊዜ ያልቃልን? ወይስ ዕዳው ገና ያን ጊዜ ይጀመራል? ይህ ጥያቄ ለአዳኞች ብቻ የተተወ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የብዙ ሰው ከሆነው ሀብት ድርሻውን የሚወስድ ሁሉ፥ ከደን እንጨት የሚቆርጥም ቢሆን፥ ከወንዝ ውሃ የሚጠልፍም ቢሆን፥ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። አደን ነገሩን አጉልቶ ያሳያል፤ ምክንያቱም በአደን የተወሰደው ነገር ሕይወት ነውና፥ ከተወሰደ በኋላ አይመለስም።

ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የጉናን ተራራ ያያል። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። የርብና የጉማራ ወንዞች ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ የፎገራም ሜዳ የሚጠጣው ከእነርሱ ነው። ከላይ ጓሳና ጅብራ የበቀለበት ብርዳም ደጋ ነው፤ ወደ ጋይንትና ወደ ስማዳ ሲሉ ግን ምድሩ በገደልና በሸለቆ ተቆራርጦ እስከ ዓባይ ቆላ ይወርዳል። በእንደዚህ ያለ አገር ጥይት አንዱን ሸለቆ በቅጽበት ይሻገራል፤ ሰው ግን ያንኑ ሸለቆ ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ መግደልና ተሸክሞ መውጣት እኩል ሥራ አይደሉም፤ አንዱ የጣት፥ ሁለተኛው የጫንቃና የጕልበት ነው።

በቀድሞው ዘመን የጎንደር አዳኝ ወደ ቋራ፥ ወደ አርማጭሆና ወደ ማዘጋ በረሃ ሲወርድ ሥጋ ፍለጋ አልነበረም። ዝሆን ወይም አንበሳ፥ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው ምልክቱን ይዞ ሲመለስ ዘመዶቹ በእልልታ ይቀበሉታል፤ በራሱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል፤ እርሱም በቀረርቶና በፉከራ ስሙን ያስጠራል። «ገዳይ» የሚለው ቃል በዳኛ ፊት የክስ ስም፥ በግብር አዳራሽ ግን የክብር ስም ሆኖ የኖረው ስለዚህ ነው። ወደ ቤት የመጣው ግን ምልክቱ ብቻ ነው፤ ገላው በበረሃ ለጅብና ለጆፌ አሞራ ይቀራል። የዚያ ዘመን ሰው በዚህ አይወቀስ ይሆናል፤ የአውሬው ብዛት የማያልቅ መስሎት ነበርና። የማያልቅ የሚመስለው ግን አለቀ። ዛሬ በእነዚያ ቆላዎች ዝሆን ለማየት የሚደክም ሰው ድካሙ ብዙ፥ የሚያገኘው ጥቂት ነው።

መንግሥትም ይህን ዘግይቶ ቢሆን አላየም አይባልም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1909 እ.ኤ.አ. የዝሆንን አደን የሚገድብ ደንብ አወጡ። ከጠላት ወረራ በኋላም በ1944 እ.ኤ.አ. ስለ አደን እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ታወጀ። የሰሜን ዋልያ ጠመንጃ በየቤቱ ከበዛ ወዲህ እጅግ ተመናምኖ ስለ ነበር የሰሜን ተራሮች በ1969 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ግን አደጋ ከደረሰባቸው ቅርሶች ጋር ተቈጥረው ቆዩ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአርባኛው አንቀጽ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ ደነገገ፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541ም ያለ ፈቃድ ማደንን ከለከለ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር ማስታወስ ይጠቅማል። የጥንት ሮማውያን የሕግ ሊቃውንት የዱር እንስሳን ባለቤት የሌለው ነገር ይሉት ነበር፤ የያዘው ሰው ባለቤቱ ይሆናል ማለት ነው። ክርክራቸውም የቆሰለው እንስሳ የማን ነው የሚል ነበር። ከሊቃውንቱ አንዱ አቍሳዩ እስከ ተከተለው ድረስ የአቍሳዩ ነው አለ፤ የዩስቲንያኖስ ሕግ ግን በእጁ ካልያዘው የእርሱ አይደለም ብሎ ፈረደ፤ በመካከል ብዙ ነገር ሊሆን ይችላልና። ፍርዱ ስለ ባለቤትነት ብቻ ቢናገርም ሌላ ትምህርት በውስጡ አለ። ማቍሰል መብት ካልሰጠ፥ ግዴታ ግን ይሰጣል። ያቈሰለ ሰው እንስሳው ገና የእርሱ ባይሆንም ሥቃዩ የእርሱ ሥራ ነውና፥ መሽቶብኛል፥ ደክሞኛል ብሎ ከደም ፈለግ ሊመለስ አይገባውም።

የዛሬው ሕግ ከሮማውያኑ የሚለየው እንስሳውን ባለቤት የሌለው ሳይሆን ባለቤቱ የበዛ አድርጎ በመቍጠሩ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉን ይለውጣል። ባለቤት የሌለውን ነገር ያነሣ ሰው ለማንም መልስ የለበትም፤ የብዙዎችን ነገር ያነሣ ሰው ግን ለብዙዎች መልስ አለበት። የአገራችን ሰው ይህን ከቅርጫ ያውቀዋል። ለበዓል አንድ በሬ ገዝተው የሚያርዱ ጎረቤቶች ሥጋውን በእኩል መደብ ይደለድላሉ፤ ከዚያም ዕጣ ይጥላሉ። ከእነርሱ አንዱ ሳይጠይቅ በሌሊት ገብቶ ብልት ቢወስድ ሌባ ይባላል። ሌላው ደግሞ በዕጣ የደረሰውን ድርሻ ተቀብሎ ከጓሮ ቢጥለው ሌባ አይባልም፤ ነገር ግን በሚመጣው ዓመት ማንም ከእርሱ ጋር ቅርጫ አይገባም። የመጀመሪያው የማኅበሩን ፈቃድ ናቀ፤ ሁለተኛው የማኅበሩን ስጦታ ናቀ። ያለ ፈቃድ የሚያድንና በፈቃድ ገድሎ ሥጋውን ጥሎ የሚሄድ ሰው በእነዚህ በሁለቱ ይመሰላሉ።

ስለዚህ ሕግና ኅሊና ሁለት የተለያዩ ጌቶች አይደሉም፤ አንዱን ዕዳ ከሁለት ወገን የሚጠይቁ ናቸው። ሕግ በመጀመሪያ ይመጣና፥ በማን ፈቃድ? በየትኛው ስፍራ? የትኛውን እንስሳ? ይላል። በጥብቅ ስፍራ አይታደንም፤ ለአደን በተከለለውም ቢሆን በተፈቀደው ዓይነትና ቍጥር ብቻ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው የደጋ አጋዘን በባሌና በአርሲ ተራሮች በዚህ ዓይነት ፈቃድ ይታደናል፤ የሚመጡትም አዳኞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ኅሊና ይመጣና፥ የተፈቀደልህ ምን ሆነ? ይላል። ሕግ በወረቀት ይረካል፤ ኅሊና ግን ወረቀቱን አይቶ ደግሞ ስለ ሥጋው ይጠይቃል።

የዚህ ጥያቄ መልስ በቍጥር ይጀምራል። ወንዱ የደጋ አጋዘን ክብደቱ 250 ኪሎ ቢሆን አጥንቱ ወጥቶ ሥጋው ብቻ ወደ መቶ ኪሎ ይቀርባል። በገደል መንገድ ደኅና ተሸካሚ በአንድ ጊዜ ሠላሳ ኪሎ ቢይዝ፥ አራት ሰው ወይም የአንድ ሰው አራት ምልልስ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ቆዳውና ቀንዱ ሳይቈጠር። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ በወንጌል የተነገረው ምክር ለአዳኝም ይሆናል፤ ጫንቃውን፥ በቅሎውንና የቀኑን ሰዓት ሳይቈጥር ቃታ የሳበ ሰው መሠረት ጥሎ መፈጸም ያቃተውን ይመስላል። በአሜሪካ በአላስካ ግዛት አዳኝ የሚበላውን ሥጋ ከበረሃ እንዲያወጣ ሕጉ ያስገድደዋል፤ በብዙ ስፍራም ሥጋው ሳይወጣ ቀንዱ እንዳይቀድም ከልክሏል። ሕግ አውጪዎቹ የሰውን ጠባይ ዐውቀውታል፤ ቀንዱ ከወጣለት በኋላ ስለ ሥጋው የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው።

በአገራችን ደግሞ ከክብደቱ በላይ ሌላ ነገር አለ። ክርስቲያን በስመ ሥላሴ ያልተባረከውን አይበላም፤ ቢላዋ ሳይደርስለት የሞተውንም ብዙ ሰው እንደ በክት ይጸየፈዋል። ስለዚህ ከሸለቆ ማዶ፥ ፈጥኖ ሊደርስበት ከማይችልበት ርቀት የሚተኵስ ሰው የሚበላውን ነገር ወደማይበላ ለወጠው፤ ከገደል አፋፍ ላይ የቆመውንም የሚመታ ሰው ወድቆ የማይነሣ ነገር ይጥላል። በጾም ወራት የሚያድንም ሰው ሥጋውን ዘልዝሎ ቋንጣ ካላደረገው ለማን ገደለው? የቋንጣ ጥበብ ራሱ ለዚህ ነገር የተሰጠ ይመስላል፤ ከጥሬ ሥጋ አራት እጅ ሦስቱ ያህል ውሃ ነውና፥ በፀሐይና በነፋስ የደረቀው ሸክሙ ይቀላል፥ ዘመኑም ይረዝማል። በኦሪት ዘሌዋውያን ደግሞ አድኖ የሚበላውን የያዘ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው ታዝዟል። ይህ ትእዛዝ ደሙን የአዳኙ አያደርገውም፤ ሥጋው ቢፈቀድልህም ሕይወቱ የአንተ አልነበረም እንደ ማለት ነው። ደም እንኳ እንደ ተጣለ ነገር እንዳይታይ ከታዘዘ፥ ሥጋ ሲጣል ምን ይባላል?

የሚከራከር ሰው ግን አይጠፋም። አንደኛው፥ በበረሃ የቀረ ሥጋ አልባከነም፤ ጅብና አሞራም የእግዚአብሔር ፍጥረቶች ናቸውና በልተውታል ይላል። እውነት ነው፥ እነርሱም ይበላሉ። ነገር ግን የአሞራ ድርሻ በራሱ ጊዜ ከሚሞተው ሁሉ አስቀድሞ ተመድቦለታል፤ ለእርሱ ብሎ ጠመንጃ ያነሣ ሰው የለም። ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ በሰው ስም ጠይቆ፥ ሲያባክን በአሞራ ስም ማመኻኘት አይገባውም። ደግሞም በእርሻ አጠገብ የተጣለ ገላ ጅብን ወደ በግ ጋጣ ይጠራል፤ የአዳኙን ስንፍና የሚከፍለው በግ አርቢው ይሆናል።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይከብዳል። በጉና ሥር ያለ ድኻ ገበሬ ገብሱን ድኩላ በበላበት፥ በክረምት ጎተራው ባዶ በሆነበት ጊዜ ያለ ፈቃድ አንዱን ቢገድልና ሥጋውን እስከ ቆዳው አንዳች ሳይጥል ለልጆቹ ቢያበላ፥ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በፈቃድ ገድሎ ቀንዱን ብቻ ይዞ ከሚሄደው ባለጠጋ እርሱ ይከፋልን? ልብ ወደ ድኻው ያደላል፤ ማድላቱም ደግ ነው። ነገር ግን ምሕረትና ፈቃድ አንድ አይደሉም። ለአንድ ረኀብተኛ የሚገባውን ይቅርታ ለሁሉ ልማድ ያደረገ አገር ድኩላውንም ያጣል፥ ረኀቡም አይቀርለትም፤ ነገ የሚራበው ሌላ ድኻ ከባዶ ጫካ ፊት ይቆማልና። ስለዚህ ዳኛ ለድኻው ይራራለት፤ ጎረቤትም ገብሱን ያካፍለው፤ ድርጊቱ ግን ሕግ አይሁን። ባለጠጋውም በወረቀቱ አይመካ፤ የከፈለው ገንዘብ የመግደል ዋጋ እንጂ የማባከን ዋጋ አይደለም፤ የማባከን ዋጋ በየትም ግምጃ ቤት ተጽፎ አይገኝም። ቀንዱን ለራሱ ካስቀረ፥ ቢያንስ ሥጋው በዚያ ተራራ ሥር ለሚኖሩት፥ እንስሳውን በመጠበቅ ግጦሻቸውን ለተዉት ሰዎች ይውረድ።

ሦስተኛው ክርክር ሸክሙ ከሰው ኃይል በላይ ነው የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ከደብረ ታቦር አጠገብ ከጋፋት ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ያሠሩትን ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ገደል እያስጠረቡና መንገድ እያስወጡ ብዙ ወር በፈጀ ጉዞ መቅደላ አደረሱት። ክብደት ልብ የወደደውን ነገር አያስቀርም ማለት ነው። ነገር ግን የተሸከመ ሁሉ ደግ ሠራ አይባልም፤ ያን ሁሉ ድካም ያስደከመው መድፍ በመጨረሻ አልጠቀመም። ሰው ለክብሩ ሲሆን ተራራ ይገፋል፤ ለዕዳው ሲሆን ሠላሳ ኪሎ ይከብደዋል። ስለዚህ የሰውን ልብ ለማወቅ ምን ያህል ተሸከመ ተብሎ አይጠየቅም፤ ከሁለቱ ሸክሞች የትኛውን አስቀደመ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ።

ይኸው የሸለቆ አገር ሰው ደግሞ ሌላውን መሸከም ያውቃል። በየገጠሩ ሰው ሲታመም ጎረቤቶቹ በቃሬዛ አድርገው እየተፈራረቁ ዳገቱን ያወጡታል፤ ከበደን ብሎ ከመንገድ የሚጥለው የለም። ሸክሙ የጋራ ስለ ሆነ ይቀላል፤ ሕይወት ስለ ሆነ አይጣልም። እንስሳ ከሰው ጋር አይተካከልም፤ ነገር ግን ሕይወቱን በፈቃዱ የወሰደበት ሰው የተረፈውን ገላ እንደ ገለባ ሊቈጥረው አይገባም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ ይመለሳል። የመግደል መብት ከሕዝብ የተበደረ ነው፤ ብድሩም የሚከፈለው ጥይቱ ከወጣ በኋላ በሚደረገው ነው፦ የቈሰለውን ተከትሎ በማግኘት፥ የሚበላውን ሁሉ በማውጣት፥ ለማካፈል የሚገባውን በማካፈል። ይህን ሁሉ ለመፈጸም ኃይልም ጊዜም የሌለው ሰው ከማዶ ያለውን ድኩላ በዓይኑ አይቶ ቢተወው አንዳች አላጐደለም፤ ድርሻውን ለሚመጣው ሰው አቆየለት። ያልተተኰሰ ጥይት ከሸክም ሁሉ የቀለለ ሸክም ነው፤ ወደ ቤትም ያለ ዕዳ ያስገባል።