«በልቼ ነው የመጣሁት»



ስለ መብል መጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ የሰው ጠባይ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ ማዕድ ስለሆነ፣ ባለፈው ዓመት ከገጠመኝ ነገር ተነሥቼ አንድ ጥያቄ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ይኸውም በራሳችን ገንዘብ፣ ከወዳጆቻችን ጋር ተቀምጠን፣ ውድ ምግብ ብንበላ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ ከባድ ፈተና እንደ ጨረስን ስድስት ጓደኛሞች ደስታችንን በአንድ ላይ ልናሳልፍ ተስማማን። ዕለቱ ዓርብ ቢሆንም ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለነበረ ጾም አልነበረም። ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ውድ የስቴክ ቤት እንሂድ ብዬ ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ነበርሁ።

በዚያ ቤት ሥጋው በየስሙ ተዘርዝሮ ይቀርባል። ፊሌቶው ለብቻው፣ ጎድኑ ለብቻው ዋጋ አለው። አስተናጋጁም ምን ያህል እንዲበስል እንደምንፈልግ አንድ በአንድ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ሳህን፣ የየራሱ ቢላዋና ሹካ አለው። የአንዱ ሳህን ዋጋ 1,500 ብር ያህል ነበር።

አምስታችን አዘዝን። ስድስተኛው ጓደኛችን ዝርዝሩን ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየና «እኔ እንኳ በልቼ ነው የመጣሁት፤ ሾርባ ይበቃኛል» አለ። እኛም «አንተ ሁልጊዜ ቁጥብ ነህ» እያልን ቀለድንበት፤ እርሱም አብሮን ሳቀ።

ሂሳቡ ሲመጣ በዝርዝሩ ላይ ባየነው ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ታከለበት። ከመካከላችን አንዱ «ለስድስት እናካፍለው» አለ። ማንም አልተቃወመም። ለያንዳንዳችን ከ1,700 ብር በላይ ደረሰን። ጓደኛችን ከኪሱ የታጠፈ ገንዘብ አውጥቶ ሁለት ጊዜ ቆጠረና ከፈለ። ታክሲ ስንሳፈር ደግሞ «ዘመድ ዘንድ ጎራ እላለሁ» ብሎ ተለየን።

እውነቱን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ አብሮት ከሚያድር ልጅ ነው። ያን ማታ ከእኛ ጋር ለመሆን ሲል የግቢውን እራት ትቶ ነበር የመጣው። ዘመድ ዘንድም አልሄደም፤ ከቦሌ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሩ ተመልሷል። ገንዘቡም እናቱ ለወሩ የላኩለት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ መደረጉን አስታውሱ። እንግዲህ እኔ በአንድ ሰዓት የበላሁት ሳህን የአንድ ተማሪ የአሥራ አምስት ቀን ምግብ ነው።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ራሴን ለመከላከል ሞከርሁ። ጾም አልሻርንም፤ የሰው ገንዘብ አልወሰድንም፤ ማንንም አላስገደድንም አልሁ። ሁሉም እውነት ነው። ሥጋ መብላትም ኃጢአት አይደለም። ታዲያ ኅሊናዬ ስለምን አላርፍ አለኝ?

መልሱን ያገኘሁት ሁላችንም የምናውቀውን ቅርጫ ሳስብ ነው። በፋሲካ፣ በመስቀል ወይም በእንቁጣጣሽ ጎረቤታሞች አዋጥተው በሬ ይገዛሉ። ሥጋው በመደብ በመደብ ሲከፈል ከሻኛውም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ መደቡም በዕጣ ይታደላል። አቅም ያነሰው ከሌላው ጋር አንዱን መደብ ለሁለት ይካፈላል። በዚህ ማንም አያፍርም። በመሶብም ዙሪያ ስንቀመጥ ማን የስንት ብር እንደበላ የሚቆጥር የለም። እኛ ግን በዚያ ምሽት ለመብሉ ስድስት የተለያዩ ሳህኖች፣ ለሂሳቡ ደግሞ አንድ መሶብ አደረግን። ሲበላ ለየብቻ፣ ሲከፈል በጋራ ሆነ ማለት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 11 የገሠጻቸው ስለ ምግቡ ዓይነት አልነበረም። አብረው ተሰብስበው ሳለ አንዱ ጠግቦ ሌላው ስለሚራብና የሌላቸው ስለሚያፍሩ ነበር። እኔም ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ሳነበው የጥንት ሰዎች ጥፋት አድርጌ ነበር የቆጠርሁት።

ምናልባት «እርሱስ ስለምን እውነቱን አልተናገረም?» የሚል ይኖራል። ይህንኑ ራሱን ጠየቅሁት። ይቅርታ ለመጠየቅ በሄድሁ ጊዜ ገንዘቡን ልመልስለት ብል እምቢ አለኝ። ከዚያም «የለኝም ብዬ ብቀር ኖሮ በሚቀጥለው አትጠሩኝም ብዬ ነው» አለ። ይህ ቃል ከሂሳቡ ይልቅ ከበደኝ። ወዳጅነታችን ሳናውቀው የመግቢያ ዋጋ አበጅቶለት ነበርና።

ሌላው ደግሞ «ያለው ሰው ቢከፍልለትስ?» ይል ይሆናል። መልካም ነው፤ ነገር ግን በሰው ፊት፣ ሂሳብ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ቸርነት ሌላ ኀፍረት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥፋቱ የተፈጸመው ሂሳቡ ሲካፈል ብቻ ሳይሆን ገና ቦታው ሲመረጥ ነው ብዬ አምናለሁ። «እንሂድ» የሚል ሰው የሌላውን ኪስ አብሮ ያዝዛል። የሚችል ሰው ከመነሻው «ግብዣው የእኔ ነው» ይበል። የማይችል ከሆነ ደግሞ ከመካከላቸው አቅሙ ያነሰው ሳይሳቀቅ የሚበላበትን ቦታ ይምረጥ። ሂሳብ ሲካፈልም ሾርባ የጠጣ የሾርባውን ይክፈል።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ በደስታችሁ ቀን አትብሉ፣ አትደሰቱ የምል አይደለሁም። እኔም ያ ሥጋ እንደጣፈጠኝ አልክድም። ነገር ግን በማዕዳችሁ ዙሪያ «በልቼ ነው የመጣሁት» የሚል ሰው ብትሰሙ እንደ እኔ ቀልዳችሁ አትለፉት። ምናልባት ያ ሰው የተራበው እንጀራ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ይቆየን።