የማን ትንፋሽ ነው?

ትርጉም የብቸኝነት ሙያ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ሌሊቱን ከሁለት መዝገበ ቃላትና ከአንድ መብራት ጋር ለሚያሳልፍ ሰው ዝምታው ይከብዳል። ስለዚህ ከብዙ ዓመታት ወዲህ የሥራ ጓደኞቼ በኢንተርኔት የቀድሞ ዘፈኖችን የሚያሰሙ የሬዲዮ ጣቢያዎች ናቸው። ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየትም ብዙ ሌሊት ፈጅቻለሁ። መመዘኛዬ ግን ለረጅም ጊዜ ቀላል ነበር፤ ድምፁ የጠራና ዘፈኑ የማይደጋገም ከሆነ ጣቢያው ጥሩ ነው እል ነበር። ይህን አስተያየቴን ያስለወጠኝ አንድ ሌሊት ነው።

የአጎቴ ባለቤት ለሕክምና ከአዲስ አበባ መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተው ነበር። እንቅልፍ እንቢ ባላቸው ሌሊት ነጠላቸውን ተከናንበው አጠገቤ ተቀመጡ። ከኮምፒዩተሩ የሚወጣውን ዘፈን በዝምታ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ ዘፋኙ አረፍ ብሎ ሳክስፎኑ ብቻውን ሲወጣ፣ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ የሱ ትንፋሽ ነው» አሉ።

አጎቴ በወጣትነቱ በአንድ የሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። ካረፈ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወዲያው የዘፈኑን ዝርዝር ለማየት ወደ ኮምፒዩተሩ መስኮት ዞርኩ። የተጻፈው «የቀድሞ ዘፈን፣ ቁጥር 7» የሚል ብቻ ነበር። የሚናገር ሰውም አልነበረም። ቁጥር 7 አለቀና ቁጥር 8 ተተካ።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲከተለኝ ኖሯል። ያለ ባለቤቱ ስም የሚሰማ ዜማ ማንን ይበድላል? አድማጩ ተደስቷል፤ ጣቢያው ዘፈኑን ከመጥፋት አድኗል፤ ሟቹም አይሰማም። ታዲያ በደሉ የት ላይ ነው?

በደል የለም የሚል ሰው ጠንካራ መከራከሪያ አለው። የእረኛው እንጉርጉሮ፣ የሠርጉ ዘፈን፣ የአዝመራው ሆታ የደራሲ ስም የላቸውም፤ ስም ባለመኖሩም ውበታቸው አልጎደለም። እንዲያውም ስም የሌለው ዜማ የሁሉም ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን የሕዝብ ዜማ ስም ያጣው ወድቆበት አይደለም። በሺህ አፍ አልፎ፣ እያንዳንዱ አፍ ጥቂት ጨምሮበት፣ ከሁሉም ለሁሉም የተሰጠ ስጦታ ሆኖ ነው። በስቱዲዮ የተቀዳ ዘፈን ግን በአንድ በታወቀ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የቆሙ የታወቁ ሰዎች ላብ ነው። ሳክስፎን ነፊው ስሙን ለማንም አልሰጠም፤ ስሙ በመንገድ ወደቀበት።

እንዴት ወደቀ? ሸክላ በነበረበት ዘመን ዘፈን ከነመታወቂያው ይጓዝ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ በድፍረት የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ በክቡ ወረቀት ላይ የዘፋኙና የዘፈኑ ስም፣ ብዙ ጊዜም የባንዱ ስም ይታተም ነበር። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ተቀዳ ካሴት፣ ከዚያም ወደ ሲዲና ወደ ኮምፒዩተር ፋይል ሲሸጋገር በየቅጂው አንድ ስም ይንጠባጠባል። መጀመሪያ የግጥሙ ደራሲ፣ ቀጥሎ ያቀናበረው፣ ቀጥሎ ባንዱ፣ በመጨረሻም ዘፋኙ ራሱ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሌባ ብዬ የምጠቁመው ሰው የለም። ሁሉም ያደረገው አንድ መስመር ሳይጽፍ ማለፍ ብቻ ነው።

ይህ ለሙዚቃችን አዲስ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የነሐስ ባንድ ሆኑ። የመምህራቸው የኬቮርክ ናልባንዲያን ስም ደርሶናል። እነርሱን ግን የምናውቃቸው «አርባ ልጆች» እየተባሉ፣ በቁጥራቸው ነው። በአንጻሩ ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ በራሱ ስም ሸክላ ስላሳተመ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ካረፈ በኋላም ትንፋሹ ከነስሙ ይሰማል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ የተጻፈ መስመር ነው።

እኔም በሙያዬ ይህን ቀምሼዋለሁ። የተረጎምኩት ሥራ ስሜ ሳይወጣ የታተመበት ጊዜ አለ። ያመመኝ የገንዘቡ ጉዳይ አልነበረም፤ ተከፍሎኛል። ያመመኝ ዐረፍተ ነገሮቹ በራሳቸው እግር ወደ አማርኛ የመጡ መምሰላቸው ነው። ስም መንፈግ ማለት ሥራው በሰው አልተሠራም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በጣቢያዎቹ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። የኤፍ ኤም ማሠራጫ አንድ ሰው ቢሰማው፣ መቶ ሺህ ቢሰማው ወጪው ያው ነው። የኢንተርኔት ሬዲዮ ግን ለእያንዳንዱ አድማጭ ድምፁን ለየብቻ ስለሚልክ አድማጭ በበዛ ቁጥር ወጪው ይበዛል። አድማጩም ይከፍላል፤ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚልክ ጣቢያ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል፣ 128 የሚልከው ደግሞ 58 ያህል ይበላል። ከገቢ ይልቅ ፍቅር ያቋቋማቸው ጣቢያዎች ይህን ሁሉ ችለው የቆዩ መሆናቸውን መርሳት ምስጋና ቢስነት ነው።

ደግሞም ማዳን ከመሰየም የሚቀድምበት ሰዓት አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ፣ የከተማይቱ ሬዲዮ ጣቢያ የሙዚቃ ክሮች ከጥፋት የተረፉት ጎረቤት አገር በመሻገራቸውና መሬት ውስጥ በመቀበራቸው ነበር። ጉድጓድ የሚቆፍርን ሰው «የከበሮ መቺውን ስም ጻፍክ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ቤት ሲቃጠል የዕቃ ዝርዝር አይጻፍም። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግን ዝርዝሩን መጻፍ የማዳኑ ቀሪ ሥራ ነው። የእኛ ዘፈኖች ዛሬ ከመጥፋት ተርፈዋል። ስማቸውን የሚያውቁት ሰዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

ስም ብቻ አይደለም፤ ዓመቱም አብሮ ይቆጠራል። የስም ዕዳ ለሠሪው የሚከፈል ፍትሕ ከሆነ፣ የዓመት ዕዳ ለአድማጩ የሚከፈል እውነት ነው። የቀድሞ ዘፈን ያለ ዓመቱ ሲሰማ ያለፈውን ዘመን ሁሉ ፍቅርና ጨረቃ ብቻ ያስመስለዋል። ወጣቱ ትውልድ «እንዴት ያለ ደግ ዘመን ነበር!» ቢል አይፈረድበትም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የፍቅር ዘፈን ሲዘፈን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሚሆነውን ግን እናቶች ያውቃሉ። ባለፈው ጊዜ ስለዚያ ዘመን ሳነሣባቸው የአጎቴ ባለቤት የነገሩኝ ስለ ጭፈራው አልነበረም። ሰዓት እላፊ ስለሚደርስባቸው ሙዚቀኞቹ እስኪነጋ ከተዘጋ በር ኋላ ይቆዩ እንደነበርና እርሳቸውም የበሩን ኳኳታ እየጠበቁ ያድሩ እንደነበር ነው። ያንን ሳክስፎን ከዚህ ሌሊት ነጥሎ መስማት ግማሹን ብቻ መስማት ነው።

እንግዲህ አዲሱ መመዘኛዬ ይህ ነው፤ ጥሩ የቀድሞ ዘፈን ጣቢያ ማለት ማን እንደ ሠራውና መቼ እንደ ተሠራ የሚነግረኝ ነው። ድምፁ ቢሻክር ግድ የለኝም። በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በብዙዎቻችን ልብ የገባው ዘፈንን ከጨዋታና ከትዝታ ጋር አዋሕዶ በማቅረቡ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተጀመረው ሬዲዮ ጋርደንም የዓለምን ሉል እያሽከረከሩ የፈለጉት ከተማ ላይ እንዲያርፉ ያስችላል። በየትኛውም ከተማ የማቆመው ግን ሰው የሚናገርበት ጣቢያ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ቁጥር 7ን ላሰማው ጣቢያ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የአጎቴን ስም ከነማዕረጉ። ልልከው ስል ግን እጄ ተያዘ። በርግጥ እርሱ ነው? ማስረጃዬ የአንዲት አፍቃሪ ሴት ጆሮ ነው። ተሳስተው ከሆነ ከአንድ ሌላ ሟች ላይ ትንፋሹን ወስጄ ለዘመዴ ማውረሴ ነው። ስም መንፈግ በደል ከሆነ ያለ ቦታው ስም መስጠት ደግሞ ሁለት በደል ነው፤ አንዱን ይሰርዛል፤ ሌላውን ያዋሻል።

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር የሰማሁት ትንፋሽ እንዴት ይጠፋኛል?» አሉና ጥቂት ቆይተው ጨመሩ፤ «ግን ልጄ፣ አጠገቡ የሚነፋ ጓደኛ ነበረው። አንዱ ሲታመም አንዱ ይተካ ነበር። አነፋፋቸውም ተመሳስሎ ነበር። የሱንም ስም ጻፍ። እሱም ቤት ልጆች አሉ።»

ደብዳቤው ሁለት ስም ይዞ ሄደ፤ «ከሁለቱ አንዱ» ከሚል ቃል ጋር። የጣቢያው ባለቤት ከሳምንታት በኋላ በትሕትና መለሱልኝ፤ ዘፈኑን ያገኙት ስም ከሌለው ካሴት መሆኑንና አሁን ግን ሁለቱንም ስሞች ማስፈራቸውን ነገሩኝ። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ አንድ ዘፈን ሲሰማ «ይሄን የሠራው እኮ . . .» የሚል አዛውንት ካለ፣ ወረቀት አምጣ፤ ጻፈው። እርግጠኛ ካልሆኑም እርግጠኛ አለመሆናቸውን አብረህ ጻፍ።

የአጎቴ ባለቤት በዚያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ነበር። በስልክ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ስሙን ሳይሳሳቱ ጻፉት?»

«ጽፈውታል እትዬ፤ የጓደኛውንም።»